አሮጌ የመኝታ ሚኒባስ ይዞ ከኮምቦልቻ እስከ ጋሸና፦ የወሎን ተራሮች መውጫና መውረጃ ዝርዝር መመሪያ

መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ ናት። በናፍታ ነው የምትሠራው፤ ቱርቦ የላትም። የኋላ ወንበሮቿን አውጥቼ የእንጨት አልጋ፣ ፍራሽ፣ የውሃ ጀሪካንና አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ አስገብቼባታለሁ። በዚህች መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ወልድያ፣ ከዚያም የድልብን ዳገት ወጥቼ እስከ ጋሸና ተመላልሻለሁ።

ያየኝ ሰው ሁሉ «ዳገቱን ትችለዋለች?» ይለኛል። ትችለዋለች። በሁለተኛ ማርሽ እያዘገመች ትወጣዋለች። እኔን የሚያሳስበኝ መውረዱ ነው። ዳገት ላይ የተቸገረች መኪና ትቆማለች፤ ቁልቁለት ላይ የተቸገረች መኪና ግን አትቆምም።

ነገሩ ሁሉ የሙቀት ጉዳይ ነው። ሲወጣ ሞተሩ ይግላል። ሲወረድ ፍሬኑ ይግላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዕቃዋን ጭና 2.5 ቶን የምትመዝን መኪና ይህን 650 ሜትር ገደማ በፍሬን ብቻ ብትወርደው የሚፈጠረው ሙቀት ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚገባው አራት ጎማ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ብረቶች ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

1. ወቅትና መንገድ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ህዳር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ዝናቡ አብቅቷል፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፣ ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። ጭጋጉ ከፊት ያለውን መኪና ይሸፍናል፤ ናዳም ይኖራል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ሰማዩን እያያችሁ ነው።

የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁ። መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰዓት እላፊ የሚታወጅበት ጊዜ አለ። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮችን ነው። ጠዋት ከወልድያ የመጣ ሹፌር የነገራችሁን እመኑ። መንገዱ አስተማማኝ አይደለም ካሏችሁ ጉዞውን አስተላልፉት። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገንና መንጃ ፈቃድ በአንድ ላስቲክ ውስጥ ከሹፌሩ ራስ በላይ ይቀመጡ። ኬላ ላይ ዕቃ ከማተራመስ ያድናል።

2. ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት፦ ፍሬን

ጊዜም ገንዘብም ካጠራችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ፍሬኑን ሥሩ።

መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱ ይቀየር። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም። ውሃ ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 የተሻለ ነው፤ አዲሱ 230፣ እርጥበት የገባበት 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። ፔዳሉን ስትረግጡ እግራችሁ ስፖንጅ የረገጠ ያህል ይሰምጣል፤ መኪናዋ ግን አትያዝም።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። ከመጀመሪያው ጉዞዬ በፊት መኪናዋን ጋራዥ አስገብቼ «የፍሬን ዘይቱ ይቀየር» አልኩ። «ተቀይሯል» ተባልኩ፤ ከፈልኩ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ (በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቁልቁለት) ላይ ፔዳሉ ለሰለሰ። ቀጥሎ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ። እንደ ምንም በማርሽ ይዤ ወደ ተራራው በኩል አስጠጋኋት። ከኋላዬ ይመጡ የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው ሲኖትራካቸውን አቁመው ወረዱ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። ጎንበስ ብለው ጎማውን አዩ። «በስንተኛ ነው የወጣሃት?»

«በሁለተኛ፣ ጋሼ።»

«አሁንስ በስንተኛ ነው የምትወርዳት?»

በአራተኛ ነበር። መልስ አልሰጠሁም። ሳይነገራቸው ገባቸው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» አሉኝ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገብተውልኝ ሄዱ። በኋላ የዘይቱን ዕቃ ከፍቼ ሳየው ዘይቱ የቡና አተላ መስሎ ጠቁሯል። አዲስ የፍሬን ዘይት ቀጭን ማር ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘይቱ ሲቀየር አጠገቡ እቆማለሁ። ከየጎማው የሚወጣው ዘይት ጠርቶ፣ አረፋውም አልቆ እስካይ አልሄድም። በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ይበቃል።

ቀጥሎ ጎማዎቹ ይውጡና የፍሬን ሸራው፣ ታምቡሩ (ሸራው የሚይዘው ከበሮ መሳይ ብረት) እና የፊት ዲስኩ ይታዩ። የኋላ ታምቡር ውስጥ እርጥበት ካለ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) አልቋል፣ ዘይት እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ሸራው በሁለቱም ወገን እኩል ይስተካከል። አለዚያ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች፤ የሚጎትታችሁ ወደ ገደሉ ይሁን ወደ ተራራው አታውቁትም። የእጅ ፍሬኑን የምትፈትኑት ሜዳ ላይ ሳይሆን ዳገት ላይ ነው። በመጨረሻ ሞተሩን አስነስታችሁ ፔዳሉን ጠንከር አድርጋችሁ ለግማሽ ደቂቃ ርገጡ። ቀስ እያለ ከሰመጠ አንድ ቦታ ላይ ዘይት ያፈሳል። አትነሱ።

3. ማቀዝቀዣው

ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጋሸና አካባቢ ደግሞ በ90። ሞተሩ ከፍ ባለ ቁጥር ለመፍላት ይቀርባል። የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ደህና ክዳን ግፊት ስለሚይዝ መፍያውን በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ግን ከተራ ሽፋን አይለይም። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ለውጡት።

ማኒኮቶዎቹን (የራዲያተሩን የውሃ ቱቦዎች) በእጃችሁ ጨምቁ። የሚንኮሻኮሽ ወይም የሚሰነጠቅ ካለ ይቀየር፤ አንድ ትርፍም ያዙ። ቺንጊያው (ሞተሩ የሚያዞረው ቀበቶ) ላልቶ ወይም ተሰነጣጥቆ እንደሆነ እዩ። ራዲያተሩ ክንፎች መካከል የተሰገሰገውን ገለባና አፈር ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በለሰለሰ ውሃ እጠቡት። ተራ ውሃ ዝገት ስለሚያመጣ ኩላንት ሙሉበት።

እዚህ ላይ አንድ የጋራዥ ልማድ አለ፤ እኔ አጥብቄ የምቃወመው። ሞተር ሲሞቅ «ተርሞስታቱን እናውጣው» ይላሉ። ተርሞስታት ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቅ ቫልቭ ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ተርሞስታቱ ሲወጣ የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ እየዞረ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ምንም አይሰማችሁም። ዳገት ላይ ግን ይብስባታል። ደህና ተርሞስታት አስገቡ።

4. ጎማና ጭነት

ጎማ ጥርሱ ደህና ሆኖ በእርጅና ሊፈነዳ ይችላል። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ጋር አራት አሃዝ አለ። 2319 ቢል በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። 10 ዓመት የሞላውን አትጫኑት። ስኮርታውንም (ትርፍ ጎማውንም) እንዲሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

የመኝታ መኪና ዕቃ ይበዛባታል። 40 ሊትር ውሃ ብቻ 40 ኪሎ ነው። ከባዱን ሁሉ ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል አድርጉት። ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ላይ ፍራሽና ልብስ እንጂ ጀሪካንና ጋዝ አይሰቀልም። አልጋው በብሎን ወለሉ ላይ ይታሰር። ፍሬን ድንገት ስትይዙ ያልታሰረ አልጋ ጀርባችሁ ላይ ነው የሚመጣው።

ክሪክ፣ ቁልፎች፣ የእጅ ባትሪ፣ 10 ሊትር የመኪና ውሃና ሁለት የእንጨት ታኮ (የጎማ ማገጃ) አትርሱ። (ይህን ስጽፍ ልብ አልኩት፤ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ማኒኮቶው፣ ስኮርታው ሁሉ የጣሊያንኛ ስም ነው። ይህ የሐረጎ መንገድም ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ነው። የመካኒኩ ቋንቋና መንገዱ አብረው መጡ።)

5. ዳገቱን ስትወጡ

በማለዳ ተነሱ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ከባድ መኪናም አልበዛም። ነዳጅ ኮምቦልቻ ላይ ሙሉ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ታንክ ሲደርስ እንደባዶ ቁጠሩት፤ ሰልፍ ሊያጋጥም ይችላልና።

ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ። ሞተሩ እያቃሰተ ከቆየ በኋላ መቀነስ ዘግይቶ ነው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ 3,000 ሜትር ላይ አንድ አራተኛ ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ናፍታው ያው፣ አየሩ ትንሽ ሲሆን ጥቁር ጭስ ይወጣል። አትደንግጡ፤ ፓምፑንም አታስነኩ። ነዳጅ የምትረግጡበትን እግር ቀነስ አድርጉ፣ ማርሹን አውርዱ፣ ጭሱ ይሳሳል።

የሙቀት መለኪያው ቀስት በሜዳ የት እንደሚቆም አስቀድማችሁ እወቁ። ከዚያ ቦታ ከፍ ማለት ሲጀምር የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ሰው ይሞቃል፣ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። ቀስቱ አሁንም ከወጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይዙር። ሃይኤስ ሞተሯ ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ ወንበሩን ከፍ አድርጉና አየር ይግባበት። የራዲያተሩን ክዳን ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቆይ በፍጹም አትክፈቱ። ፊት ያቃጥላል።

ከፊት ሲኖትራክ ካለ ራቅ ብላችሁ ተከተሉ። ለመቅደም ጉልበት የላችሁም። ኩርባ ላይ ክላክስ አድርጉ። መንገድ ላይ የተቆረጠ ቅጠል ወይም የተደረደረ ድንጋይ ካያችሁ ከፊት የቆመ መኪና አለ ማለት ነው።

6. ቁልቁለቱን ስትወርዱ

በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። መኪናዋ ከሠላሳ በላይ መሄድ ከፈለገች ተጨማሪ አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጉ። ማርሹ የሚቀየረው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። በጣም ከፈጠነች በኋላ ዝቅተኛው ማርሽ አልገባ ሊል ይችላል፤ ያኔ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ሁኔታ) ላይ ቀራችሁ ማለት ነው።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መውረድ ወይም ሞተር ማጥፋት የሚባል ነገር አለ። ሰው እየገደለ ያለ ልማድ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑ ይደርቃል፣ መሪው ይከብዳል። ቁልፉን እስከ መጨረሻ ካዞራችሁትማ መሪው ይቆለፋል።

ፍሬኑን እግራችሁን ጭናችሁበት አትሂዱ። ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቷ ይውረድ፣ ልቀቁ። በሁለቱ መካከል ብረቱ ይቀዘቅዛል። የሚያቃጥል ሽታ ከሸተታችሁ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ቁሙ። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬንም አታጥብቁበት። አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ታኮ አድርጋችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ድንጋይ ታኮ አድርጋችሁ ከሆነ ስትነሱ አንሱት። መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ ሌሊት የሌላውን ሰው ጎማ ይጠብቃል።

ፍሬኑ ጭራሽ እምቢ ካለ ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ማርሽ አውርዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቡ፣ ክላክሱን አትልቀቁ። ካልሆነ ወደ ተራራው በኩል ተጠጉ። መኪና የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገብታ ጎኗ ቢፋቅ ይጠገናል።

7. ማደሪያና መኝታ

ከምሽቱ 11 ሰዓት በፊት ድረሱ። በጨለማ የወሎን ተራራ መንዳት አይገባም፤ ከብት፣ አህያና መብራት የሌለው መኪና አለ። ከተማ ውስጥ ጥበቃ ያለው የሆቴል ግቢ ይሻላል። ገጠር ከሆነ ሳትጠይቁ አትቁሙ። በቅርብ ያለ ቤት ሄዳችሁ «አባቴ፣ ዛሬ እዚህ ብናድር ይከፋዎታል?» በሉ። እኔ እስካሁን «አይሆንም» ያለኝ የለም። ይልቅስ ቡና ሳትጠጡ አትተኙም። ሦስተኛውን ስኒ ትታችሁ ለመነሳት አትሞክሩ።

ብርዱ ከባድ ነው፤ በተለይ ከህዳር እስከ ጥር። ሁለት ጋቢ ለአንድ ሰው አይበዛም። ግን እለምናችኋለሁ፣ ከሰል መኪና ውስጥ አታስገቡ። የጋዝ ምድጃም ለማሞቂያ አትጠቀሙ። ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ምግብ በር ተከፍቶ ወይም ውጭ ይሠራ። ስትተኙ አንድ መስኮት ጣት የሚያስገባ ያህል ክፍት ይሁን። ሽሮ በቀላሉ ይበስላል። ምስርና ባቄላ ግን ውሃው በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ ይቆያሉ፤ ቀድማችሁ ዘፍዝፉ፣ ወይም የግፊት ድስት ያዙ።

8. መንገዱ፣ ቀን በቀን

የመጀመሪያው ቀን ኮምቦልቻ–ደሴ ብቻ ይሁን። አጭር ነው፤ መኪናዋን የምታውቁበት ቀን ነው። ሐረጎ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና ወደ ኋላ እዩ፤ የኮምቦልቻ ሜዳ ከሥር ተዘርግቷል። ደሴ ስትደርሱ ጦሳ ተራራ ከራስጌ ይቀበላችኋል። እዚያው እደሩና ጠዋት ከመኪናው ሥር የፈሰሰ ነገር እንዳለ ተመልከቱ። ችግር ካለ ደሴ ላይ መካኒክም መለዋወጫም ይገኛል፤ ከደሴ በኋላ ግን ይሳሳል።

ሁለተኛው ቀን ሐይቅ ነው፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከቦሩ ሜዳ በኋላ ቁልቁለት ስላለ ስድስተኛውን ክፍል አስታውሱ። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ብሉ። እስጢፋኖስ ገዳም ሐይቁ ውስጥ በገባው የብስ ላይ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም፤ አብራችሁ የመጣች ሴት ካለች ዳር ሆና እንድትጠብቅ ሳይሆን ቀኑን ለሁላችሁም በሚሆን መንገድ አቅዱት። እኔ ለሐይቅ ሁለት ሌሊት እሰጣለሁ። ንጋት ላይ ውሃው ላይ የሚተኛውን ጉም የኋላ በር ከፍቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ ማየት አለ። ለዚያ ነው አልጋ መኪና ውስጥ የሠራሁት።

ቀጥሎ ወልድያ ነው። መንገዱ በውጫሌ አልፎ ወደ ውርጌሳና መርሳ ይወርዳል። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ነው። አምባሰልን አሻግራችሁ ታያላችሁ። የአምባሰል ማር ካገኛችሁ ግዙ። መርሳ ሞቃት ስለሆነ ኮታችሁን ታወልቃላችሁ፤ የጎማ ንፋስም እዚያ ስትደርሱ ጎማው ስለሚሞቅ አይለካም፣ ጠዋት ወልድያ ላይ ለኩት።

የመጨረሻው የድልብ ዳገት ነው። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ነው፤ ዛሬም ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከወልድያ ተነስቶ ድልብን አልፎ ደጋው ላይ ይወጣል። ጋሸና ስትደርሱ ወደ 3,000 ሜትር ተጠግታችኋል። እዚህ ዳገት ላይ እኔ ሁለት ጊዜ እቆማለሁ፤ ቀስቱ ባይወጣም። 20 ደቂቃ፣ ሻይ፣ ከዚያ መንገድ። ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጊዜ ካላችሁ ቀጥሉ።

ስትመለሱ ጋሸና አድራችሁ ብርሃን ሲወጣ ተነሱ። ጫፉ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ቁሙ። ፔዳሉን ርገጡና ጥንካሬውን ፈትኑ፣ የዘይቱን ዕቃ እዩ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ። ድልብ ከተማ ስትደርሱ ውረዱና የእጃችሁን ጀርባ ወደ አራቱም ጎማዎች አስጠጉ፤ አትንኩ። አራቱም ለብ ያሉ ከሆነ ጥሩ ወርዳችኋል። አንዱ ብቻ የሚፋጅ ከሆነ ያ ጎማ ፍሬኑን እየለቀቀ አይደለም፤ ወልድያ ላይ ሳታስፈቱት ወደ መርሳ አትውረዱ።